ገሠሠ የካደው ቃል

ገሠሠ ጥያ አካባቢ ተወልዶ ሃያ ሁለት ዓመት ቡታጅራ የኖረ ሰው ነው። መጀመሪያ ጋሪ ነጂ ነበር። ፈረሱ ሲያረጅበት የወይዘሮ ዓለምዘውድ ሱቅ ተቀጠረ። ሱቁ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ የልብስ ስፌት መኪና የመሳሰለውን በየወሩ በሚከፈል ኪራይ ይሰጣል፤ ክፍያው ሲያልቅ ዕቃው የተከራዩ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን ንብረቱ የሱቁ ነው። የገሠሠ ሥራ ደንበኛ ማምጣት፣ ውሉን አንብቦ ማስፈረም፣ ዕቃውን ቤት ማድረስና ወር በመጣ ቁጥር እየዞረ መሰብሰብ ነበር። ባስፈረመው ውል ልክ ከደመወዙ ሌላ ትንሽ ኮሚሽን ያገኛል።

ሰው ይወደው ነበር። ለቅሶ አይቀርም። ለመስቀል ክርስቲያኑ ጋ፣ ለዓረፋ ሙስሊሙ ጋ ሲዞር ይውላል። ክፍያ ያሳለፈ ሰው በር ላይ ቆሞም አይጮኽም። ሌላ ሰብሳቢ ቢልኩባቸው በር የማይከፍቱ ሰዎች እሱን ገብተህ ተቀመጥ ይሉታል። «ገሠሠ ካለ አለ ነው» ይባል ነበር፤ እሱም ይህንን ያውቃል።

ነዒማን ያገኛት ዓረፋ አንድ ወር ሲቀረው ነው። ዕድሜዋ ሃያ ስምንት ቢሆን ነው። ባሏ አብዱልሃፊዝ አዲስ አበባ ሰው ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል፤ እሷ ከአማቷ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ትኖራለች። በተዋሰችው አሮጌ በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና የሰፈሩን ልብስ ስትጠግን ቆይታ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ፈለገች። ማንበብ ትችላለች፤ ነገር ግን አፏን የፈታችው በጉራጊኛ ነው፣ የውል አማርኛ ደግሞ ለማንም ከባድ ነው። ስለዚህ ገሠሠ እያነበበ ያስረዳታል። «ዕቃው በተከራዩ እጅ እያለ ቢጠፋ፣ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል» የሚለው አንቀጽ ላይ ሲደርስ አስቆመችው።

«ቢሰረቅስ? የኛ በር ቆርቆሮ ነው ጋሽ ገሠሠ። የገፋ ሁሉ ይከፍተዋል።»

ገሠሠ መልሱን ያውቅ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ «ኃላፊነቱ የተከራዩ ነው» ብሎ ነው የሚያልቀው። ግን ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ በዚያ ወር ያስፈረመው ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ልጅቷም ወረቀቱን መልሳ ልትሰጠው እጇን አንሥታለች።

«አይዞሽ፣ ኢንሹራንስ አለው» አላት። «ቢሰረቅ አንቺን የሚነካሽ ነገር የለም።»

«ወላሂ?»

«ነገርኩሽ እኮ።»

ፈረመች።

አምስት ወር ደህና ሠራች። የዓረፋ ቀሚስ ሰፋች፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዩኒፎርም ሰፋች፤ የተረፋትን እንሴኖ ገበያ ወስዳ ትሸጥ ነበር። ክፍያዋን ገሠሠ ሳይመጣ ራሷ ሱቅ ድረስ ታመጣለች። በስድስተኛው ወር አክስቷ ሞተችና ከአማቷ ጋር እንሴኖ ለቅሶ ሄዱ። በዘጠኝ ሰዓት ሲመለሱ የበሩ መቀርቀሪያ ተነቅሏል። መኪናው የለም። ሰው እንዲሰፋለት ያመጣው ጨርቅ እንኳ ከነፌስታሉ ተወስዷል። ፖሊስ መጥቶ መዘገበ። ሌባው እስከ ዛሬ አልተያዘም።

በማግስቱ ነዒማ ሱቅ መጣች። አላለቀሰችም። «ያንን ኢንሹራንስ የምንጠይቀው እንዴት ነው?» አለች።

«የምን ኢንሹራንስ?» አለች ወይዘሮ ዓለምዘውድ።

ሁለቱም ወደ ገሠሠ ዞሩ። እሱ አንድ የቴሌቪዥን ካርቶን እያሰረ ነበር፤ ገመዱን ሳይለቅ፣ «እኔ እንደዚያ አላልኩም። ውሉን ነው ያነበብኩላት» አለ።

«ጋሽ ገሠሠ?» አለች ነዒማ።

ወይዘሮ ዓለምዘውድ ክፉ ሴት አይደለችም። ውሉን አውጥታ አንቀጹን አሳየቻት። «ልጄ፣ እኔም ያመጣሁት በብድር ነው። ጊዜ ልስጥሽ እንጂ ልተወው አልችልም» አለቻት። ነዒማ ግን ነገሩን ለሰፈሩ ሽማግሌ ለሐጂ ሽፋ ነገረች። ሐጂም ነዒማንና ገሠሠን አስጠርተው በረንዳቸው ላይ አስቀመጧቸው። ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎችና አማቷ ነበሩ። ሁለቱ የሚሉትን ካሉ በኋላ ሐጂ፣ «ምስክር የለም። የቀረው መሐላ ነው። ገሠሠ ይማል» አሉ።

በዚያ አገር መሐላ ቀላል ነገር አይደለም። በሐሰት የማለ ሰው ዕዳው ልጅ ልጁ ድረስ ይሄዳል ይባላል። ገሠሠ ከመቀመጫው ተነሣ። ነዒማ ግን ቀደመች።

«ተዉት ሐጂ። አያስምሉት። ልጆች አሉት፤ በኔ ምክንያት የሚደርስባቸው ነገር እንዲኖር አልፈልግም። እኔ እከፍላለሁ።»

ገሠሠ እፎይ አለ። ኋላ ላይ ከውሸቱም ከክህደቱም ይልቅ ያሳፈረው ያ እፎይታ ነው።

ሽማግሌዎቹ ነገሩን በሌላ መንገድ ተረዱት። እውነት ቢኖራት መሐላውን ለምን ትፈራለች አሉ። በሳምንቱ ሰፈሩ «መኪናውን ራሷ ሸጣው ነው» ይል ጀመር። ወንድሟን ዓረብ አገር ለመላክ ነው የሸጠችው ያለም ነበር። አማቷ ከሷ ጋር መብላት ተወች። አብዱልሃፊዝ በስልክ «እውነቱን ንገሪኝ» አላት፤ ነገረችው፤ ከዚያ በኋላ መደወል አቆመ። ጨርቅ የጠፋባቸው ሰዎች ደጇ እየመጡ ይሰድቧታል። እሷም አንድ የበርበሬ ነጋዴ ግቢ ገብታ በቀን ሒሳብ በርበሬ መቀንጠስ ጀመረች።

የሌለውን መኪና ኪራይ የሚሰበስበው ገሠሠ ነበር። ወር በመጣ ቁጥር ይሄዳል። አታጉረመርምም። ብሩን ትሰጠዋለች፣ ደረሰኝ ይቆርጥላታል፣ ይወጣል። በአራተኛው ወር ብሩን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችው። ዓይኗ ቀልቶ አብጧል።

«እጄ በርበሬ ነው ጋሽ ገሠሠ» አለችው። «ብሩን እንዳልነካው ብዬ ነው የጠቀለልኩት። ነክተውት ዓይንዎን እንዳያቃጥልዎት።»

ገሠሠ ከግቢው ወጥቶ ባጃጅ አልጠራም። በእግሩ ሄደ፤ የት እንደሚሄድ ሳያስተውል ከከተማው ወጥቶ የመስቃን እርሻዎች ዳር ደርሶ ነው የተመለሰው። በዚያ ወር ኪሎው ቀነሰ፣ ራት ላይ ሁለት ጎርሶ ይነሣል። ሚስቱ የሺመቤት በሽታ መስሏት ጤና ጣቢያ ካልሄድክ ስትለው ነገሩን ሁሉ ዘረገፈላት። ከዚህ ቀደም ለማንም አልተናገረውም። አልቅሶ ሲጨርስ ታጽናናኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለችው። «የተሰረቅሁት እኔ አይደለሁም። ስሜ የጠፋው እኔ አይደለሁም።»

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ገና ሲከፈት ለወይዘሮ ዓለምዘውድ ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ድምፅዋ እየጨመረ መጣ። «አራት ወር! አራት ወር ሙሉ ያቺን ልጅ እያስከፈልክ ለኔ ታመጣልኛለህ? እኔን ነው ሌባ ያደረግኸኝ!» ሥራውን ልታስለቅቀው ነበር። ንዴቷ ሲበርድላት ግን ከዚያ በኋላ ውል እንዳይነካ፣ የቀረው ክፍያ ከሱ ደመወዝ እንዲቆረጥ፣ ለነዒማ ደግሞ እስካሁን በከፈለችው ልክ ሌላ ያገለገለ መኪና እንዲሰጣት ወሰነች። ገሠሠም ይህን ይዞ፣ ልቡ ትንሽ ቀለል ብሎት፣ ነዒማ ጋ ሄደ።

ነዒማ በር ላይ ቆማ ሰማችው። ግባ አላለችውም።

«መኪናውን እቀበላለሁ» አለች። «እሱ መብቴ ነው። ግን እርስዎ የወሰዱብኝ መኪና አይደለም። እዚያው ሐጂ በረንዳ ላይ ይንገሩ፤ እነዚያው ሰዎች ባሉበት። አማቴም ትስማ።»

ገሠሠ እዚህ ድረስ አላሰበም ነበር። ለአለቃው መናገርና በሰፈር ፊት መናገር አንድ አይደለም። ሦስት ቀን አመነታ። በአራተኛው ቀን ራሱ ሐጂ ሽፋን ለምኖ ሰዎቹን አሰበሰበ። ቆሞ ተናገረ፤ ተቀመጥ ቢሉትም አልተቀመጠም።

«ኢንሹራንስ አለው ያልኳት እኔ ነኝ። እንደሌለው እያወቅሁ ነው ያልኩት። አላልኩም ብዬ የካድኩትም እኔ ነኝ። እሷ ምንም አልሸጠችም።»

ሐጂ ሽፋ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ። «ያን ቀን ይህቺ ልጅ ባትከለክል ኖሮ ትምል ነበር?»

አልምልም ነበር ቢል የሚያስተባብለው ሰው የለም።

«እምል ነበር፣ ሐጂ» አለ ገሠሠ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አስተግፊሩላህ» አለ። አማቷ ሻርፗን ፊቷ ላይ ስባ ማልቀስ ጀመረች፤ ወደ ነዒማ ግን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ሐጂ፣ ገሠሠ ጨርቅ ለጠፋባቸው ሰዎች ካሳ እንዲከፍል፣ ሽማግሌዎቹም ራሳቸው ቤት ለቤት ሄደው የልጅቷን ስም እንዲያጠሩ ፈረዱ። «እኛም በድለናታል» አሉ። ከዚያ ነዒማን ይቅር ትለው እንደሆነ ጠየቋት።

«ዛሬ አይደለም» አለች። «ውሸት እንዳይሆንብኝ፣ ዛሬ አይደለም።»

ገሠሠ ያ መልስ ተገቢው መሰለው። አንገቱን ነቅንቆ ወጣ።

አሁን ሱቁ ውስጥ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ነው። ነዒማ ስፌቷን ቀጥላለች፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ትለዋለች፣ ቆማ ግን አታወራም። ከሽምግልናው ጥቂት ቀን በኋላ አንድ ወጣት ሱቁ በር ላይ መጥቶ «ገሠሠ የሚባለው ማነው?» አለ። አብዱልሃፊዝ ነበር፤ ነገሩን ሰምቶ ከአዲስ አበባ መምጣቱ ነው፣ ቦርሳውን እንኳ ከትከሻው አላወረደም። ገሠሠ ሊመታው የመጣ መስሎት የያዘውን ዕቃ አስቀምጦ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጁ ግን አጠገቡ የነበረ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«ቤት ገና አልሄድኩም» አለ። «እኔም አላመንኳትም። ምን ብዬ እገባለሁ?»



«አንተን የምመክርበት አፍ የለኝም ወንድሜ» አለው ገሠሠ። «ግን እናትህ ባሉበት ንገራት። እኔ ለብቻዋ ነግሬያት ልገላገል ነበር፤ አልጠቀማትም።»

አብዱልሃፊዝ ተነሣ፤ ቦርሳውን አስተካክሎ ወደ ሰፈሩ በሚወስደው መንገድ ሄደ። ገሠሠ እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኑ ተከተለው፤ ከዚያ ወደ ጭነቱ ተመለሰ።