ቀለም ያልነካው ፍሬም

ገበያ በዋለ ቁጥር አንድ ሽማግሌ ከያለምወርቅ ፍሬም ቤት ደጃፍ ይቆሙና የተሰቀሉትን ፍሬሞች አይተው አይተው ይሄዳሉ። ዛሬ ግን ገቡ። የደረቡት አሮጌ የፓርክ ጠባቂ ካፖርት ቁልፎቹ ረግፈው በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ ከጉያቸው ያወጡት ወረቀት ግን እጥፋት እንኳ የለበትም። ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ በሚባለው የቱሪስቶች ማረፊያ አንድ ፈረንጅ በእርሳስ የሣለው ጎረምሳ ነው፤ የበቅሎ ልጓም ይዞ ይስቃል። አፍንጫው ቁርጥ የሽማግሌው ነው።

ያለምወርቅ ሥዕሉን ተቀብላ መጠኑን ለካች። ደንበኞቿ ወርቅማውን ለማርያም ስዕል፣ ጥቁሩን ለሟች ፎቶ ነው የሚያዝዙት። እጇ ወደ ጥቁሩ ሄደ።

«እሱን መልሽው» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «በመተማ ወጣ እንጂ ሞተ ያለኝ ሰው የለም።»

«አለ ያለዎትስ ሰው አለ፣ አባባ?»

ሽማግሌው ወደተሰቀሉት ፍሬሞች ዞሩ። የበቅሎ ጀርባ ቁስል ይኖረው እንደሁ እንደሚያይ ሰው፣ ናሙናዎቹን ባውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ ዳበሱ። ወርቅማው ላይ ሲደርሱ አማትበው አለፉት። በመጨረሻ ቀለም ያልነካው የጥድ እንጨት ላይ እጃቸው ቆመ።

«ይኸ ይሁንለት።»

ቆርጣ፣ በምስማር መትታ፣ መስታወቱን ወልውላ ሰጠቻቸው። ልጃቸውን በካፖርታቸው ሸፍነው ወጡ። ጥቂት ራመድ እንዳሉ ግን ተመለሱና ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ጠየቁ፦

«ልጄ፣ ይኸ እንጨት ኋላ ጥቁር ቢቀቡት ይቀበላል?»