የማያልበው ዚር

በሰባ ሰባት ዓ.ም. የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ካርቱም። ያንን ጊዜ የቀሰቀሰብኝ የልጄ ጣጣ ነው። ባለፈው ሳምንት የሚያብረቀርቅ ትልቅ ጋን ገዝታ በራችን ላይ ገተረችው። ውኃ ልሞላበት ባልዲ ይዤ ስመጣ «ኧረ ተው አባባ፣ እሱ እኮ ለማየት ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። ለማየት! ይህችን ቃል ድሮ ከአንድ ሰው አፍ ሰምቻታለሁ። ያኔም አልገባችኝም።

ሰውየው ኡስታዝ ሲዲቅ ይባላል። እዚያው ካርቱም ቡሪ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ ጃፓን ድረስ ሄዶ ሸክላ ተምሮ የመጣ ሱዳናዊ ነው። እኔ የመጣሁበት አገር ሸክላ ሠሪን ከማዕድ ያገልሉ ነበር። ለሸክላ ብሎ ባሕር የሚሻገር ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም። ግን ሥራ ሥራ ነው። በየጧቱ ከከተማው ዳር ከሶባ በሐፍላ፣ በአውቶቡስ ማለት ነው፣ ተጨናንቄ እመጣና ጭቃውን እረግጥለታለሁ፣ እንጨቱን እፈልጥለታለሁ።

በሩ ላይ የእናቱ ዚር ቆሞ ነበር። ዚር ማለት ሱዳኖች ለአላፊ አግዳሚው የሚያቆሙት የውኃ ጋን ነው። ሸክላው ያልበዋል፤ ሲያልበው ውኃው ይቀዘቅዛል። እናቱ ሞታ ስለነበር ዚሩ የሚሞላው በነፍሷ ስም ነው፣ እኛ ተዝካር እንደምናወጣው። ኡስታዝ ልጅ ሳለ ጠብታውን እያዳመጠ እንቅልፍ ይወስደው እንደነበር ያወራኝ ነበር። ያንን እያሰበ አንድ ዚር ሠራ። ቅርጹ የእናቱ ነው፤ ላዩ ግን ጃፓን የተማረው ከአመድ የሚወጣ አረንጓዴ ቅብ፣ መስታወት በለው። ስንቱ ምድጃ ውስጥ ከተሰነጠቀበት በኋላ ያ አንዱ ደኅና ወጣለት። ጃፓን ላለው አስተማሪው ሊልከው ነበር።

«ይሄ እኮ አያልበውም» አልኩት።

«አዎ፣ አያልበውም።»

«ታዲያ ውኃው በምን ይቀዘቅዛል?»

«ለውኃ አይደለም፣ ያ ሐበሺ፣ ለማየት ነው።»

ጋን ለማየት! ተመልሼ ጭቃዬን ረገጥኩ።

በዚያው ሰሞን ከተማው ተናወጠ። ዳቦ ተወደደ አሉ፣ ሐኪሙም ሥራ አቆመ አሉ፣ መንገዱ ሰው ብቻ ሆነ። ማን ከማን እንደተጣላ ለእኔ አልታወቀኝም። አንድ ቀን ቀትር ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰና ሰዉ በእኛ በር ተተረማመሰ። ጋብ ሲል የእናትየው ዚር ገል ሆኗል። ኡስታዝ ተንበርክኮ ገሉን በጃላቢያው ለቀመ፣ ለቀመና ተነሣ።

«ያላ፣ በዚያ በኩል ያዝ» አለኝ። የመስታወቱን ዚር!

«ኡስታዝ አብደሃል? ይሰብሩታል!»

«የእናቴ በር ባዶውን አያድርም።»

አውጥተን ሞላነው። እኔ ዱላ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሬዲዮው መንግሥት ወረደ አለ። ትናንት መለዮ ሲያይ የሚሸሸው ሰው ዛሬ መለዮ ለባሹን አቅፎ ይስማል። ያው ወታደር ነው ወይስ ሌላ ነው? ማንን ልጠይቅ? ሰው እየጨፈረ መጥቶ ይጠጣል። አንዷ ወፍራም ሴትዮ አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ተፋችው።

«ያ ጀማዓ፣ የሻይ ቅጠሉን ረሳችሁት እንዴ?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ኡስታዝም ሳቀ፣ ሳቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንዱ ጎረምሳ ሲዘል በክርኑ ዚሩን መታው፤ ደወል መስሎ ጮኸ፣ የእኔም ልብ አብሮ። ኡስታዝን ዚሩን አስገባው ብለው እምቢ አለኝ።

ልጄ ጋኗን በጨርቅ ስትወለውል አያታለሁ። ለማየት የተሠራውን ለጥም ያወጣው ሰውዬ አዋቂ ነበር ወይስ ሞኝ? ይኸው ሸመገልኩ፣ አሁንም እጠይቃለሁ። ያደረግሁትን ግን አውቃለሁ።

ያኔ መንግሥት በወረደ ማግስት፣ ጧት በእግሬ ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን ገበያ ሄድኩ። አንድ ተራ ቀይ ዚር ገዝቼ፣ በአህያ ጋሪ አስጭኜ፣ በጭፈራው መሐል እየተጋፋሁ ቡሪ አደረስኩት። ከመስታወቱ ጎን አቁሜ ሞላሁት።

«በል አሁን ያንተን ወደ ቤት አስገባው» አልኩት።

ኡስታዝ ከእኔው ዚር ቀድቶ ጠጣ።

«ይሄም ሞቃት ነው» አለኝ።

«ቆይ እንጂ፣ ገና አላላበውም» አልኩት። ግድግዳውን ተደግፈን፣ እስኪያልበው ድረስ ቁጭ ብለን ጠበቅነው።