ከኋላ የተቀመጠው መካኒክ

ባለቤቴ የሞተር ሳይክል ፍሬን ሲጠግን ዕድሜውን ፈጀ፤ ሞተር ላይ ግን ወጥቶ አያውቅም። ይፈራል። ይፈራል እንዳይባል ደግሞ፣ "ፍሬኑን መሞከር ያለበት ባለቤቱ ነው" ብሎ ደንበኛውን ያስነዳና እጁን አጣምሮ በር ላይ ይቆማል። እኔ እዚያው መለዋወጫ ስለምሸጥ ሳቄን አፍኜ አያለሁ።

ታዲያ ልጃችን መድኃኒት በየቤቱ የማድረስ ሥራ አገኘች። በማግስቱ ሞተሯን ይዛ ካልቀረበች ቦታው ለሌላ ሊሰጥ ነው። የገዛችው አሮጌ ሞተር የኋላ ፍሬን ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጫል። አባት ሆዬ በዋዜማው ጠዋት ፈታው። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ፤ እፍ የሚል ሰው ካየ ያብዳል፣ ሳንባ ይጎዳል ባይ ነው። ሁለቱንም ሸራ ቀየረ፣ ፔዳሉን ከፍሬኑ የሚያገናኘውን ካቦ አጠበቀ፣ ጎማውን አሽከርክሮ ፔዳሉን ሲረግጠው ቀጥ አለ። ሥራው አልቋል፤ ካላለቀ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

እሱ ግን "ትንሽ ይቀረዋል" ብሎ እንደገና ፈታው። ካቦው አላማረኝም አለ፤ አዲስ ሰጠሁት። ቀጥሎ ሸራውን ግራሶ ነክቶታል ብሎ ሌላ ጠየቀኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሱቁን ልትጨርሰው ነው?" ብለው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ልጅቷ ሄልሜቷን ታቅፋ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው።

"አባዬ፣ ምን ጎደለው?"

"አላመንኩትም።"

"ፍሬኑን ነው ወይስ እኔን?"

የመጨረሻውን ብሎን አጠበቀና መፍቻውን አስቀመጠ። ተነስታ ሞተሩን አስነሳች። "በል ከኋላዬ ውጣ። ካልያዘ አብረን እንወድቃለን።"

እግሩን አነሳ፣ መለሰ፣ ደግሞ አነሳና ወጣ! የተዋሰው ሄልሜት ዓይኑ ላይ ወርዶበት፣ እንደ መዥገር ወገቧ ላይ ተጣብቆ። ከሳቄ ጋር እየታገልኩ እስከ ባዶው ሜዳ ተከተልኳቸው። ቀስ ብላ እየነዳች ፍሬን ያዘች፣ ነዳች፣ ያዘች፤ አዲስ ሸራ እንዲህ እንደሚለማመድ ያስተማራት ራሱ ነው። በመጨረሻ ፈጠን ብላ ያዘች። ሞተሩ ሳይንሸራተት ቆመ።

ወረደ። ሄልሜቱን ሲያወልቅ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ እኔም ሳቄ ጠፋብኝ።

"ከጠዋትም ደህና ነበር" አላት። "ፈርቼልሽ ነው፣ ልጄ። በይ ነገ እንዳታረፍጂ።"