አራተኛዋ ቁራጭ

ሰፈሩ በሙሉ «አጉራሹ» ነው የሚለው። በከተማው ጽዳት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች መርዝ በተደበቀበት ሥጋ መግደል። ባልዲውን አንጠልጥሎ፣ የላስቲክ ጓንቱን አጥልቆ ማልዶ ይወጣል፣ ከኋላው ሬሳ የሚለቅም መኪና ይከተለዋል። ጡረታ ወጥቶ ከእኔ ልብስ ስፌት ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ሲከራይ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታ ነፈገው። እኔም ነፈግኩት። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል፤ ለእሱ ግን እሷንም አላባከንኩም። በፊቱ አንቱ እለው ነበር፣ በሌለበት አንተ። ይኸው አሁንም በሌለበት ነው የማወራው።

እኛ ቤት ውሻ አለ። ነበረ ልበል እንጂ። ስሙን ዳኛው ያለው አባቴ ነው፤ ገና ቡችላ ሆኖ በር ላይ ተጎልቶ አላፊ አግዳሚውን ከላይ እስከ ታች እያየ የሚፈርድ ይመስል ስለነበር። አባቴ ሲሞት ውሻው የእናቴ ሆነ። ዳኛው ከባዕድ እጅ አይበላም። ሥጋ ቢወረውሩለት አሽትቶ ፊቱን ያዞራል። ከራሱ ሳህን፣ አለዚያም ከእናቴ መዳፍ፣ በቃ። አራት ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ መርዝ ተጥሎ ስንቱ ውሻ ሲያልቅ እሱ የተረፈው በዚህ ጠባዩ ነው። እኔም በዚሁ ስኩራራ ኖርኩ።

አምና እናቴን ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ ግራ እጇም ማንኪያ መያዝ አቃተው፣ አንደበቷ ተዘጋ። ከስድሳ ምናምን ዓመት ወሬ የተረፏት ሁለት ቃላት ናቸው፤ «ዳኛው» እና «ና»። እኔን፣ አምጣ የወለደችኝን፣ በስሜ መጥራት አልቻለችም። ቀናሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ሐኪሙ ግን «ያሏት ቃላት እንዳይጠፉ በየቀኑ ትጠቀምባቸው፣ የሚመልስላት ስታጣ ትተዋቸዋለች» ብሎኛል። ዳኛው መለሰላት። በየጠዋቱ «ዳኛው፣ ና» ስትል ከግቢ እየሮጠ ይገባና አገጩን ፍራሿ ላይ ያሳርፋል። የእናቴ ምላስ በዚያ ውሻ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከዚያ ብርዱ ገባ። የዳኛው ውሃ ሳህኑ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ያድር ጀመር። የደንበኛ ልብስ ላይ ፀጉሩ እንዳይራገፍ ብዬ ግቢ ነው የማሳድረው። አዛኟ እኔ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ ቆርጬ ጎጆው ውስጥ አነጠፍኩለት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ማሳል ጀመረ። የእንስሳት ሐኪሟ ደረቱን አዳምጣ «ሳንባው ተመቷል» አለችኝ። «መርፌው አልቆብናል፤ ይሄን ኪኒን አሥር ቀን ስጪው። አንድ ቀን እንዳይዘለል፣ በሥጋ ደብቂለት።»

መደበቅ! ኪኒኑ ሐሞት ነው። ፍትፍቱን ሁሉ ልሶ ኪኒኑን ለብቻው ለይቶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠልኝ። አፉን ልፈልቅቅ ስል ደግሞ አውራ ጣቴን በጥርሱ ቀደደው። ከእናቴ መዳፍ ቢሆን ይውጥ ነበር፤ መዳፏ ግን አይዝም። በሦስተኛው ቀን «ዳኛው፣ ና» አለች፣ አልመጣም። «ና… ና… ና…» እያለች እንባዋ በጆሮዋ ላይ ወረደ። እኔ ደግሞ ቆሜ አያለሁ።

ለውሻ መራራ ነገር ማስዋጥ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሰፈር ማን ነበር? መንገዱን ተሻገርኩ።

በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ደነገጠ። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ምድጃና አንድ ወንበር አለ። ሁለተኛ ወንበር የለም፤ ማን ሊቀመጥበት!

«ጋሼ» አልኩት፤ «ውሻዬ ኪኒን አልውጥ ብሎ ሊሞትብኝ ነው።»

«እና ከእኔ ምን ፈለግሽ?»

«መራራ ነገር እንዴት እንደሚዋጥ ያውቃሉ ብዬ ነው።»

እጁን አየ። «ለዚህ ብሎ የመጣ ሰው የለም እስካሁን» አለና ኮቱን አነሣ።

ግቢ እንደገባ በመጀመሪያ ያየው ጎጆውን ነው። እጁን ሰድዶ ብርድ ልብሱን ዳበሰ። «ይሄን ማን ነው ያነጠፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ገደልሽው እኮ! ጨርቅ ትንፋሹን ይጠጣና ይረጥባል፣ ሲነጋ በረዶ ነው። ደረቅ ገለባ አምጪ፣ ብዙ!» በእሱ ትእዛዝ ጎጆውን በጡብ ከመሬት አነሣነው፤ መግቢያውን ከነፋሱ አዞርነው፤ ውስጡን በሳንቃ ከፍለን አጠበብነው። ውሻ ቤቱን የሚያሞቀው በገላው ነው፣ ሰፊ ቤት ለብርድ ነው የሚሠራው አለኝ። ውሃውን ለብ አድርጊለት፣ አየሩ እስኪሞቅ ድረስ ምግቡን ጨምሪለት፣ በጣቶቹ መሃል የገባውን በረዶ ማታ ማታ አውጪለት፤ ሲያዘኝ ዋለ።

«ይሄን ሁሉ ከየት ተማሩት ጋሼ?»

«በብርድ የት የት እንደሚተኙ ስፈልግ ነው የኖርኩት» አለኝ።

ገለባውን መጎዝጎዝ ቀጠልኩ።

ከዚያ ሥጋውን አስቆረጠኝ። አራት እኩል ቁራጭ። አንዷን ሰንጥቆ ኪኒኑን ከተተ፣ መልሶ ገጠማት፣ አራቱንም በሞራ አሻቸው። «ሁለት ባዶ፣ አንድ ሙሉ፣ አንድ ባዶ» አለ። «ብልጥ ውሻ የመጀመሪያዋን ይጠረጥራል፤ ባዶ ናት። ሁለተኛዋ ላይ ያምንሻል። ሦስተኛዋን ሳያላምጥ የሚውጣት አራተኛዋን አይቶ ነው።» ሲያስረዳ ድምፁ እንደ አስተማሪ ነበር፤ ድንገት ምን እያለ እንደሆነ ሰማ መሰል አቋረጠ።

ዳኛው አልበላም አለ። አጉራሹም ከግቢው በር ሥር ውርጭ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ጠበቀ። አንድ ሰዓት ሙሉ! ጣቶቹ ጠቆሩ። ዳኛው እየተንገዳገደ መጥቶ ጓንት የሌለውን እጅ አሸተተ፣ ላሰው፣ ከዚያ በላ። ሁለት ባዶ፣ አንድ ሙሉ፣ አንድ ባዶ። የሰውየው ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁት። ብርዱ ይሆናል ብዬ አለፍኩት፤ አልነበረም።

በስድስተኛው ቀን እናቴ ስትጠራ ዳኛው ገባ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በአሥረኛው ቀን አጉራሹ የመጨረሻዋን አጉርሶ እንዳበቃ ወደ እኔ ዞረ።

«ስሚኝ ልጄ። አንድ ነገር አበላሽተንበታል። ከነገ ጀምሮ ከሰው እጅ መብላቱን አስረሺው። እኔ ሥጋ ይዤ እመጣለሁ፣ ሊቀበለኝ ሲል ተቆጪው። እኔንም በመጥረጊያ አባሪኝ። በርትተሽ!»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ምን እሺ አሰኘኝ! የብርድ ወራት ለልብስ ሰፊ የሥራ ወራት ነው፤ የካፖርት ትእዛዝ እስከ አንገቴ ደርሶ ነበር። ሁለት ጊዜ ሥጋ ይዞ መጣ፣ ሁለት ጊዜም «ዛሬ እጄ ሞልቷል፣ ነገ ይሁንልኝ» ብዬ መለስኩት። ደግሞስ አሥር ቀን ውርጭ ላይ የተቀመጠልኝን ሰው እንዴት ብዬ በመጥረጊያ አባርራለሁ?

ሦስት ሳምንት አለፈ። የማዘጋጃ ቤቱ መኪና «ውሾቻችሁን እሰሩ» እያለ በድምፅ ማጉያ አለፈ። ጎረቤቴ ባለ ሱቋ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ዳኛውን አታስሪውም እንዴ?» አለችኝ።

«ዳኛውን? ዳኛው ከባዕድ እጅ አይበላ!» አልኳትና ሳቅኩ። ከአፌ የወጣው የኖርኩበት ጉራ ነው። ያቺን አሥር ቀን ጨርሶ አላሰብኳትም። አፌን በቆረጠው!

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዱ በሩን ከፈትኩለት። ትንሽ ቆይቶ እናቴ «ዳኛው፣ ና» አለች። ዝም። ደገመች። መርፌዬን ሰክቼ ወጣሁ። አጉራሹ ይቀመጥባት የነበረችው ቦታ ላይ ተጋድሟል፣ ሞቷል። ከፊት እግሩ አጠገብ አንዲት የሥጋ ቁራጭ በሞራ ታብረቀርቃለች።

መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። በኮቱ አንገት ይዤ ጎትቼ አመጣሁት። «አንተ ነህ!» አልኩት፤ በፊቱ አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። «የአንተ እጅ ነው ይሄ!»

አጎነበሰ። ቁራጯን አንሥቶ በጥፍሩ ሰነጠቃት። «ባዶ ናት» አለ። «አራተኛዋ ናት። የጣለው እኔን የተካው ሰውዬ ነው፤ ሦስት ወር አሠልጥኜዋለሁ።»

«ዳኛውንስ ከሰው እጅ ያስበላው ማነው?»

«እኔ» አለ። «ሁለቱንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ነግሬሽ ነበር ማለት ይችል ነበር። አላለም። ቢለኝ ይቀለኝ ነበር። አካፋ አምጥቶ በረዶ የያዘውን መሬት ይቆፍር ጀመር፤ እኔም አብሬው ቆፈርኩ።

አፈሩን መልሰን ሳንጨርስ ከውስጥ ድምፅ መጣ። «ዳኛው፣ ና።» ሁለታችንም ቆምን። «ና» አለች እንደገና፣ ቀጠን ባለ ድምፅ። እኔ ገብቼ ምን እላታለሁ? አጉራሹ አካፋውን አጥሩ ላይ አስደገፈ። እጁን በሱሪው ጠረገ። «አቤት» አለ፣ እና ገባ።

ይኸው ሁለት ወር ሆነው። በየጠዋቱ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል፤ እናቴ ስትጠራ «አቤት» ብሎ ይገባና አልጋው ሥር ይቀመጣል። አንዳንድ ቀን አይታው ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ቃሎቿ ግን እስካሁን አሉ። ይቅር አላልኩትም፤ ራሴንም አላልኩም። በሩን ግን በሰዓቱ እከፍትለታለሁ።