ትርፍ ዙር

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ከአልጋ መውረዱን ያወቀችው ጓሮ ውስጥ የብረት ኳኳታ ሰምታ ነው። ሕመም ቀኝ እጁን ካሰነፈው ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል ልማዱ ሆኗል። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ያደለባት አሮጌ ሞተር ሳይክልም ዓመት ሙሉ ላስቲክ ለብሳ ቆማለች።

"ምን ልትሆን ነው?" አለችው።

"ልሞክራት ነው። ብረት ሰብሳቢው ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። ከተነሳች ተነሳች፤ ካልሆነ ይውሰዳት።"

የጨነቃት ለሞተሯ አይደለም። ሞተሯ ከሄደች ባሏ ተመልሶ እንደሚተኛ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም እንደማያስነሳው ታውቃለች። ስፌቷን ትታ በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

የነዳጁ መክፈቻ ተዘግቶም ጠብ ጠብ ይላል። ነዳጁን ቀድተው ሲፈቱት ውስጡ ያለው ቡሽ ደርቆ ተጨማዷል።

"አዲስ ከየት ይገኛል?" አለ፣ ተስፋ ለመቁረጥ ምክንያት ያገኘ ይመስል።

"ቡሽ አይደል እንዴ? ውሃ ሲጠጣ ይወፍራል።" ወጥ ቤት ገብታ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከረችው። አብጦ ወጣ፤ ሲመልሱት ጠብታው ቆመ።

ባልየው ማስነሻውን በእግሩ መታ። ሞተሯ ተነሳች፣ ጮኸች፣ ጸጥ አለች።

"ካርቡራተሩ ላልቶ አየር ትስባለች" ብሎ ቁልፍ አነሳ።

ፖስታ ቤት "ጥብቄ" ነበር የሚሉት። ቡሎን ካጠበቀ በኋላ "ለማንኛውም" ብሎ አንድ ዙር ይጨምራል። እሱ የዘጋው የዘይት ጠርሙስ የሚከፈተው ጎረቤት ተጠርቶ ነው።

"ተው፣ መጀመሪያ አውልቀውና ልየው" አለችው።

ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበትን ፊት ደንበኞቿ ራሳቸውን በሚያዩበት መስተዋት ላይ አጋድማ አስቀመጠችው። ቡሎን የሚገባባቸው ሁለቱ ጆሮዎች መስተዋቱን ነክተዋል፤ በመሀል ግን ብርሃን ያልፋል።

"እየው ጉድህን። ሁለት ጫፉን አክርሬ የሰፋሁት ወገብ እንዲህ ነው መሀሉ የሚነፋው። ሠላሳ ዓመት ጆሮዋን ስትጎትታት ኖረሃል።"

"ለማንኛውም ብዬ እኮ ነው።"

"ለማንኛውምህ ይኸውልህ።"

መስተዋቱ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግተው ይፈትጉት ጀመር። እሱ በግራው ያዘ፤ እሷ ቀኝ እጁን ከላይ በእጇ ይዛ አዞረችው። መጀመሪያ እጁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዝም ብሎ ተጎተተ። ወረቀቱ በብረት ብናኝ ሲጠቁር ግን ራሱ መግፋት ጀመረ። ይህን ስታይ የራሷን እጅ አላላች። በመሀሉ የሚያልፈው ብርሃን ሲጠፋ፣ የአንገት ልክ ከምታወጣበት ወፍራም ወረቀት በመቀሷ አየር እንዳያልፍ የሚከላከል አዲስ ጓርኒሲዮን ቆርጣ በካርቡራተሩና በሞተሩ መሀል አስገባች።

"በቀኝህ አጥብቀው" አለችው።

እያረፈ አዞረ። ቡሎኖቹ ያዙ፤ እጁም እዚያው ላይ ቆመ።

"ትርፍ ዙር የለኝም" አለ።

"ተመስገን።"

በሦስተኛው ምት ተነሳች። አልጮኸችም፤ ዱክ ዱክ እያለች ቀጠለች። ብረት ሰብሳቢው ጆንያውን በትከሻው አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል።

"አባባ፣ የምወስዳት ይቺን ነው?"

"ትንፋሽ ያለው አይወሰድም ልጄ። ሌላ ቤት እይ።"

ሰውየው እየሳቀ ሄደ። ባልየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ነገ ፍሬኗን አያለሁ። ጠዋት ቀስቅሽኝ።"

ዓመት ሙሉ ቀስቅሽኝ ብሏት አያውቅም።

"እኔ ሥራ አለብኝ፣ ራስህ ተነስ" አለችው፤ ፊቷ እንዳይታይባት ቶሎ ብላ ወደ ስፌቷ ገባች።