ሦስተኛው ድንጋይ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገባን ሰሞን ኔትወርክ የሚገኘው ከብሎካችን ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ ካሉት ሦስት ድንጋዮች አንዱ ላይ ሲቆም ብቻ ነበር። ጥበቃችንን፣ ወታደር ሳሉ ሬዲዮ ኦፕሬተር የነበሩትን ሽማግሌ፣ "የትኛው ሲም ይሻላል?" ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ።

"ሲሙማ ያው አንድ ነው ልጄ፤ የሚመረጠው ድንጋዩ ነው።"

አንደኛው ለአጭር ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው ወሬ ለሚያበዛ። ሦስተኛው የእሳቸው ስለሆነ ማንም ዝር አይልበትም። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኮፍያቸውን ያወልቁና ከካፖርታቸው ኪስ ማበጠሪያ አውጥተው ሽበታቸውን አሳምረው ያበጥራሉ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ይወጣሉ።

"ጋሼ፣ በስልክ እኮ አይታዩም!" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ያልተበጠርኩ ቀን ድምፄ ያስታውቃል" አሉ እየደወሉ። "አንተ እሷን አታውቃትም!"