የምድር ቤቱ ሒሳብ

አገሬ ሳለሁ ካልኩለስ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሎስ አንጀለስ መጥቼ ኮሌጅ ልመዝገብ ስል መመደቢያ ፈተና ሰጡኝና ግማሹ ጥያቄ ስለ ቤዝቦል ሆኖ አረፈው። ሒሳቡንማ አውቀዋለሁ፤ ሰውዬው ዱላውን ጥሎ የት ድረስ እንደሚሮጥ ግን እኔ በምን አውቄ። ውጤቱ ሲመጣ ምድር ቤት ጣሉኝ፤ ክፍልፋይና መቶኛ ወደሚማሩበት፣ ክሬዲት እንኳ ወደማይሰጥበት ክፍል።

ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣው በየሴሚስተሩ አንድ አንድ ክፍል እያለፉ ነው። ካልኩለስ እስክደርስ ሁለት ዓመት ሊፈጅብኝ ነው፤ ካልኩለስ ሳይወስዱ ደግሞ በሳይንስ መመረቅ የለም። ቀን ቀን ሳንታ ሞኒካ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ከእኔና ከወንበሬ ሌላ በማይዝ የመስታወት ሳጥን ተቀምጬ ቲኬት እቀበላለሁ። ከሥራ ስወጣ መስኮት ወደሌለው ክፍል እሄዳለሁ። ከአንዱ ሳጥን ወጥቼ ሌላው ውስጥ እስክገባ ያለችው የአውቶቡስ መንገድ ብቻ ነበረች የእኔ። ሥራና ትምህርት አንድ ላይ የያዘ ሰው ሁለት ዓመት እንደዚያ አይከርምም፤ ትቶት ይሄዳል። እኔም እንደዚያ እንዳልሆን ነበር ፍርሃቴ።

ምድር ቤት ያለነው ጥቁሮችና ሜክሲኮዎች ነን፤ ጥቂት ነጮችም አሉ። የፎቁ ካልኩለስ ክፍል በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ፤ አንድም ጥቁር አላየሁበትም። በመጀመሪያው ቀን ወንበር አልበቃ ብሎ ግማሾቻችን ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። አስተማሪው ሸምገል ያሉ፣ ደግ ነጭ ናቸው። «ትንሽ ታገሱ፣ ወንበር ይለቀቃል» አሉን። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገሩት። እውነትም ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ተለቀቀ። የሄዱት ወዴት እንደሄዱ የጠየቀ አልሰማሁም።

አጠገቤ የምትቀመጠው ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ልጆች አሏት፣ ሎንግ ቢች ካለ ሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች። ከክፍል በፊት ካፌቴሪያ ተገናኝተን እናጠናለን፤ እናጠናለን ማለቴ፣ እሷ ታስጠናኛለች። የእንግሊዝኛውን ጣጣ ገላልጣ ከጨረሰች በኋላ ሒሳቡንም ከእኔ ቀድማ ታገኘዋለች። ድምፄ አይሰማም እያለች ትቀልድብኝ ነበር፤ «እናንተ አገር ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው እንዴ የሚኖረው?» ትለኛለች። ሒሳብ አስተማሪ መሆን ነበር የምትፈልገው።

አንድ ቀን ክፍሉ ሲበተን አስተማሪው በር ላይ አስቆሙኝ። «አንቺ እዚህ መሆን የለብሽም። የፎቁን የሚያስተምረው ጓደኛዬ ነው፤ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ቀጥታ እንዲያስገባሽ ልንገረው?» አሉኝ።

ልቤ ዘለለች። አፌ ግን ያደግሁበትን ተናገረ። አንገቴን ደፍቼ «ኧረ ግድ የለም፣ አይቸገሩ፣ እዚሁ ደህና ነኝ» አልኳቸው። እኛ ቤት እንግዳ ብላ ስላሉት እጁን ይሰዳል እንዴ? በልቻለሁ ይላል፣ በሞቴ ይሉታል፣ ይግደረደራል፣ እንደገና ይለመናል፤ ከዚያ ነው ጠጋ የሚለው። እኔም እስኪለምኑኝ ቆሜ ጠበቅሁ። እሳቸው «ኦኬ፣ እንደፈለግሽ» ብለው ቦርሳቸውን አንስተው ሄዱ። በሞቴ የለ፣ ምን የለ።

አንድ ክፍል ያከራዩኝ እትዬ፣ ፌርፋክስ የሚባለው ጎዳና ላይ በተከፈተው የሐበሻ ሬስቶራንት ወጥ ይሠሩ ነበር። ስነግራቸው «ደግ አደረግሽ» አሉኝ። «ዘላ ጉብ አለች እንዳይሉሽ። ቆይ፣ ደግመው ይጠይቁሻል፤ የተማሩ ሰው አይደሉ?» እኔም አመንኳቸው። ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ክፍሉ ሲያልቅ ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ሳስገባ ሳወጣ የመጨረሻዋ ወጪ እሆናለሁ። አስተማሪው ፈገግ ብለው ደህና እደሪ ይሉኛል፤ በቃ። ሳምንት በሳምንት ላይ ሲጨመር እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ከኋላ የሚቀመጥ ነጭ ልጅ ፎቅ እንደሚወጣ በደስታ ሲያወራ ሰማሁት። አስተማሪው ሲጠይቁት «ሹር»፣ እሺ ማለት ነው፣ ብሎ ነው የተቀበላቸው። በአንዲት ቃል!

ካፌቴሪያ ውስጥ ለጓደኛዬ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ በሳቅ ሞተች። «የምትፈልጊውን አልፈልግም አልሽ? ለምን?» ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ላስረዳ ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«እኔን አንዴም የጠየቀኝ የለም» አለች።

የእኔ የፈተና ወረቀት ላይ ስሕተት ነበር፤ የእሷ ላይ አንድም አልነበረም። ተነሺ፣ አብረን አስተማሪው ቢሮ እንሂድ አልኳት። አልፈለገችም። «እዚያ ቢሮ ሄጃለሁ። የነርስ ረዳትነት ሰርተፍኬት አጭር ነው፣ እሱን ውሰጂ ነው ያለኝ» አለችኝ። ጎትቼ ወሰድኳት።

አስተማሪው በደስታ ነው የተቀበሉን። ፎቁን እንደምፈልግ፣ እሷም እንደምትፈልግ ነገርኳቸው። ጓደኛዬ የፈተና ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ገጽ በገጽ አገላብጠው «በጣም ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አስጠናሻት ማለት ነው። ጎበዝ።»

«አይደለም» አልኩ። ታላቅ ሰውን ቀና ብዬ እያየሁ አይደለም ስል የመጀመሪያዬ ነበር። «እኔን ያስጠናችኝ እሷ ናት።»

ሳቁ፤ በፍቅር ነው የሳቁት። «አየሽ፣» አሏት ጓደኛዬን፣ «ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር ያለችኝ። የእነዚህ ሰዎች ትሕትና የሚገርም ነው።»

እውነቴን ነው አልኩ። ደግሜ አልኩ። ባልኩ ቁጥር ትሕትናዬ ጨመረ እንጂ የእሷ ሒሳብ አልጨመረም። ፎቅ የቀረው አንድ ቦታ ነው ብለው እዚያው ስልክ አንስተው ለእኔ አስያዙልኝ። እሷን «አንቺ መሠረትሽን አጠንክሪ፣ ወደፊት እናያለን» አሏት።

ኮሪደሩ ላይ ቦታውን አልቀበልም ብዬ ተንጨረጨርኩ። እሷ ከእኔ ይልቅ ረጋ ብላለች። «ያዢው፤ ብትተዪው ለእኔ የሚሰጠኝ መስሎሻል?» አለችኝ። ያዝኩት።

የፎቁ ክፍል መስኮት አለው። ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስናገር ሁሉም ዞሮ ያየኛል፣ ዝም ስልም ያየኛል። ጥቂት ጊዜ ካፌቴሪያ ወርጄ አገኛት ነበር። ከዚያ ሆስፒታሉ ፈረቃዋን ክፍል ከሚገባበት ሰዓት ጋር አጋጨባት። ሲቀየርልኝ እመለሳለሁ አለች። አልተቀየረላትም።

የተመረቅሁ ቀን ካባ ለብሰን ሣሩ ላይ ተሰለፍን። ምድር ቤት የማውቀው ፊት ብፈልግ ብፈልግ ያንን ሹር ባዩን ልጅ ብቻ አገኘሁ። አስተማሪው መጥተው እጄን ጨበጡኝ። «ያቺ ጓደኛሽስ?» አሉኝ። ማስታወሳቸው ገርሞኝ ልመልስ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ሒሳቡ ከብዷት ነው» አሉ፣ ከልባቸው አዝነው።